ሁለት ጥፋተኛ፣ አንድ ብስክሌት

ብስክሌት ሰውን ተሸክማ ስትሄድ ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ ሰው ብስክሌት ተሸክሞ ሲሄድ ግን መንገዱ ሁሉ ዓይን ይሆናል። ጋሽ ሞረድም ያን ዕለት ጠዋት የፈሩት ይህንኑ ነበር። የተቆለመመች ብስክሌታቸውን በቀኝ ትከሻቸው አንግተው፣ የመሞረጃ ድንጋያቸውን በከረጢት ጠቅልለው በግራ እጃቸው አንጠልጥለው፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየታከኩ ይጓዛሉ። “አደራህን፣ የማውቀው ሰው ብቻ እንዳያጋጥመኝ” ይላሉ በሆዳቸው። ምን ዋጋ አለው፣ ከፋርማሲው ጥግ እንደታጠፉ ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

ሞረድ እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ ሰፈሩ ነው ያወጣላቸው። ሥራቸው ቢላ፣ መቀስና መጥረቢያ መሞረድ ነው። ሥጋ ቤቶቹ ተራ ይደርሱና ብስክሌቷን በማቆሚያዋ ያቆሟታል፤ የኋላ ጎማዋ ከመሬት ከፍ ይላል። ከዚያ ኮርቻው ላይ ተደላድለው ፔዳሉን ሲመቱ፣ ከጎማው ላይ የተጠለፈች ቺንጋ መሪው ፊት የታሰረውን ድንጋይ ታሽከረክረዋለች። ብስክሌቷ እንግዲህ እግራቸውም፣ ወንበራቸውም፣ ሱቃቸውም ነች። ደግሞ ቢላ እየሞረዱ ዝም ማለት አያውቁም። የማን ልጅ እንዳገባች፣ የማን ቤት ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ሁሉም ነገር የሚሰማው እሳቸው ኮርቻ ሥር ነው።

የእህታቸው ልጅ የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪ ናት። ሰላምታዋን ሰጥታ ከረጢቱን ከእጃቸው ተቀበለችና ምን እንደሆኑ ጠየቀቻቸው።

“ምንም አይደል የኔ ልጅ፣ አንሸራተተኝ።”

ልጅቷ ብስክሌቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። “እና እግረ መንገዷን ነጭ ቀለም ተቀባች፣ ጋሼ?”

ጋሽ ሞረድ ዞር ብለው ሲያዩ፣ እውነትም ጥቁሩ ብረት ላይ የመኪና ነጭ ቀለም ተለቅልቋል። መዋሸት ከድሮም አይሆንላቸውም። ሳቃቸው መጣና እዚያው እንደቆሙ ሁሉንም ዘረገፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደርሱ፣ የዳቦ ቤት ነጭ መኪና ምልክት ሳያሳይ በድንገት ታጠፈና የፊት ጎማቸውን ገጨው። እሳቸው በመቀመጫቸው ዱብ አሉ፤ ቸርኬው ተጥመለመለ፤ ድንጋዩን የሚሸከመው ብረት ተገነጠለ፤ የመኪናውም አንድ መብራት ረገፈ። ደግነቱ ከክርናቸው ጭረት በቀር ሰውነታቸው ደህና ነው። ሹፌሩ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ደንግጦ ወርዶ “አባቴ ይቅር ይበሉኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው” አላቸው። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ግን ጋሽ ሞረድ ሰው ይቅርታ ሲጠይቃቸው ዝም ብለው መቀበል አይችሉበትም። “የለም ልጄ፣ ጥፋቱስ የኔ ነው፣ ሳላይህ ገባሁ” አሉት። “እንዴት ተደርጎ፣ የኔ ነው” አለ ሹፌሩ። “በፍጹም፣ የኔ ነው።” “ኧረ በሞቴ፣ የኔ ነው።” ጥፋቱ እንደ ምሳ ቤት ሒሳብ ይጎተት ጀመር፤ አንዱ ሲያነሳው ሌላው ይነጥቀዋል።

ትራፊክ ፖሊሱ ደርሶ ማን ማንን እንደከሰሰ ጠየቀ። ከሳሽ የለም። ጥፋተኛ ግን ሁለት አለ። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ፣ አንዳንዱም አጨበጨበ። ፖሊሱ ከተስማማችሁ እኔ ምን አገባኝ ብሎ ደብተሩን መልሶ ኪሱ ከተተ። ሁለቱ ተቃቅፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው ተለያዩ። ሹፌሩ ወደ ዳቦው፣ ጋሽ ሞረድም ብስክሌታቸውን ተሸክመው ወደ ግድግዳው።

ልጅቷ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። “እና አሁን በምን ሊሠሩ ነው?” አለቻቸው። ጋሽ ሞረድ ብስክሌቷን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛውረው ወደ ቤት አብረው ቀጠሉ።

ክፍላቸው እንደደረሱ መልስ ያገኙ መሰላቸው። ቸርኬውን ፈትተው ሞርሳው ላይ አሰሩት፤ መዶሻቸውን አነሱ። የተጣመመ ነገር ሲያዩ እጃቸውን ይበላቸዋል። ልጅቷ ግን መዶሻውን ከነእጃቸው ያዘችው።

“ጋሼ፣ እባክዎ አይንኩት። እርስዎ ካቃኑት በኋላ መኪናው ምን እንዳደረገ ማን ያምናል? ይህ የሚከፈለው ካሳ አለው።”

ካሳ የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ጋሽ ሞረድ ክው አሉ። ሰው ካሳ የሚጠይቀው ሲካሰስ ነው፤ የሚካሰሰውም ሲጣላ ነው። እሳቸው ደግሞ እንኳን ከሰው ከድመት ጋር ተጣልተው አያውቁም።

“በዚህ ዕድሜዬ የሰው በር አንኳኩቼ፣ ወድቄ ነበርና ክፈሉኝ ልበል?” አሉ።

“ለወደቁበት አይደለም፤ ለተሰበረብዎ ነው።”

“ልጁ ደግ ነው። አንስቶኛል፣ ሱሪዬን አራግፎልኛል።”

“ደግ ከሆነማ የሰበረው ቢጠገን ደስ ይለዋል። ደግ ሰው ዕቃ ሲሰብር በይቅርታ ብቻ ይለፍ ያለው ማነው?”

“የሰው ጉሮሮ መዝጋት ነው የምትዪኝ። በዚያች ደሞዙ ላይ እኔ ልጨመርበት?”

ልጅቷ ይህን ስትጠብቅ ነበር። በርጩማዋን ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና፣ መኪናው ኢንሹራንስ እንዳለው፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት በየዓመቱ የምትከፍለው ልክ እንዲህ ላለው ቀን እንደሆነ፣ የሚከፍለውም የኢንሹራንሱ ድርጅት እንጂ ሹፌሩ እንዳልሆነ አስረዳቻቸው። ጋሽ ሞረድ አንገታቸውን ነቀነቁ።

“ኢንሹራንስ የሀብታም ነገር ነው።”

“የመኪና ባለቤት ይገዛዋል፤ የተገዛው ግን ለብስክሌተኛውም ጭምር ነው። እርስዎ ካልጠየቁ የተከፈለበት ነገር ዝም ብሎ ይቀራል። እርስዎም ሥራ ፈት ሆነው ይቀራሉ።”

ይቺኛዋ ነካቻቸው። አንድ የሚያውቃቸው የመጋዘን ኃላፊ ከድሮም “ያቺን አሮጌ ብስክሌት ይተዉና በር ይጠብቁልኝ” እያለ ሲነዘንዛቸው ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት መልስ ይፈልጋል። መጋዘኑ ከከተማው ዳር ነው፤ ከተዘጋ የብረት በር በስተቀር የሚያናግሩት ነገር የለም። ጋሽ ሞረድን ከንግግር መለየት ከውኃ እንደመለየት ነው።  ቢሆንም አፋቸው አልተሸነፈም።

“ሕዝብ ሰብስቤ ጥፋቱ የኔ ነው ብያለሁ። አሁን ተመልሼ የሱ ነው ብል ሰው ምን ይለኛል? ቃሌን ልጠፍ?”

ልጅቷ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻቸው። “ለመሆኑ ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብለው ያምናሉ?”

ጋሽ ሞረድ ሞርሳውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። “አላምንም” አሉ በመጨረሻ።

“ታዲያ ለሕግ ሰው ያልሆነውን ነገሩት ማለት ነው።”

“ውሸት አይደለም እኮ፣ ጨዋነት ነው!”

“ይቅርታውን መቀበል ጨዋነት ነው፤ ሰውየውን ማቀፍም ጨዋነት ነው። የሆነውን ማዛባት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ቋጠሯቸው እንጂ፣ ተለያይተው መኖር ይችላሉ።”

አንባቢ ሆይ፣ ጋሽ ሞረድ እዚህ ላይ የተረቱ ከመሰለዎት ይሉኝታን አያውቁትም ማለት ነው። ይሉኝታ ክርክር ሲያጣ ኩርፊያ ያመጣል። ጋሽ ሞረድም ጥቂት ጋደም ልበል አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።  ልጅቷ መዶሻውን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ውልቅ ብላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለጋሽ ሞረድ ሕመም ነበሩ። አንዱ ሥጋ ሻጭ ደነዝ ቢላውን ይዞ ቤታቸው ድረስ መጣ። በእጅ ሞረድ እንደነገሩ አድርገው ሰጡት፤ እሱም አመስግኖ ሲወጣ ገበያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞራጅ መጥቷል መባሉን ጣል አደረገ። ያን ቀን ከሰዓት ጋሽ ሞረድ በመስኮት ሲያዩ ዋሉ። ልጅቷ ተመልሳ ስትመጣ ኩርፊያው ከየት እንደሄደ አይታወቅም፤ ደስ እያላቸው ተነስተው ከፈቱላት። ስለ ካሳ አንድም ቃል አልተናገረችም። “ሹፌሩን ሄደን እንጠይቀው ብዬ ነው፤ ያን ዕለት ደንግጦ ነበር ብለውኛል” ብቻ አለቻቸው። ሰው ደህና ሆነህ ወይ ብሎ ለመጠየቅማ ጋሽ ሞረድን ማን ይቀድማቸዋል? ኮታቸውን አጠለቁ።

ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ ያፍናል። ከምድጃዎቹ ፊት የሊጥ ሳህኖች በመደርደሪያ ተደርድረዋል፤ ከጓሮ በኩል ሰዎች ዱቄት ያራግፋሉ። ሹፌሩ የት ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ከዱቄት ተሸካሚዎቹ አንዱ ጆንያውን ጣል አድርጎ ቀና አለ። ቅንድቡ ድረስ ነጭ ሆኗል። ጋሽ ሞረድን ሲያይ ፊቱ በደስታ በራ፤ ወዲያው ግን ወደ ውስጥ ወደ ዳቦ ቤቱ እመቤት ጠረጴዛ ሰረቅ አድርጎ አየና ወደ አጥሩ ጥግ ጎተታቸው።

“ልጄ፣ መሪውን ትተህ ጆንያ ምን አገናኘህ?” አሉት ጋሽ ሞረድ።

ሹፌሩ እጁን በሱሪው ጠረገ። “አባቴ፣ ተዉት፣ ያልፋል።”

“ንገረኝ እንጂ።”

“እርስዎ በሰው ፊት ጥፋቱ የኔ ነው አሉ። ታዲያ እውነቱን ለእመቤቲቱ ብነግራት፣ እንግዲያው መብራቱን ያ አዛውንት ይክፈሉ ትላለች ብዬ ፈራሁ። እርስዎን ማን አሳልፎ ይሰጣል? ግንብ ገጨሁ አልኳት።”

“ግንብ?”

“ግንብ። እሷም የቆመ ግንብ የሚገጭ ሰው መኪና አይነዳልኝም ብላ ቁልፉን ተቀበለችኝ። የመብራቱም ዋጋ ከደሞዜ ይቆረጣል።”

ጋሽ ሞረድ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። ለካ እሳቸው ሰውየውን አዳንኩ ብለው ከመስኮት ሲያዩ ሲውሉ፣ ሰውየው ደግሞ እሳቸውን አዳንኩ ብሎ ጆንያ ሥር ሲንደፋደፍ ከርሟል! አንዱ ያለ ብስክሌት፣ ሌላው ያለ መሪ። ሁለቱ በጨዋነት ተጠፋፍተዋል። ደማቸው ፈላ፤ የተናደዱት ግን በማንም ላይ አይደለም፣ በራሳቸው ላይ ነው።  

“ና ተከተለኝ” አሉት ጋሽ ሞረድ፤ የሹፌሩን ክንድ ይዘው በቀጥታ ወደ እመቤቲቱ ጠረጴዛ። ልጅቷ ከኋላ ልትደርስባቸው ሮጠች።

እመቤቲቱ ድምፀ ጎርናና፣ ክንዷ እንደ ጋጋሪ ክንድ የጠነከረ ሴት ናት። ጋሽ ሞረድ ታሪኩን ሳይተነፍሱ ነገሯት፤ ግንቡ እሳቸው እንደሆኑም ጭምር። ሴትየዋ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ሹፌሩን እያየች አዳመጠችና ቁጣዋ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። ኢንሹራንስ በየዓመቱ የምከፍለው ግድግዳዬ ላይ ለጌጥ ልሰቅለው ነው ወይ አለች። ሰው መግጨት ያስደነግጣል፣ ምልክት አለማሳየትም ያስቀጣል፤ ከሁሉ የከፋብኝ ግን ስለ ራሴ መኪና ተረት መስማቴ ነው አለችው ሹፌሩን። ከዚያ ሽርጧን ፈታች። ኢንሹራንሱ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ስለሚጠይቅ አራቱም ተያይዘው ወደ ጣቢያው ሄዱ።

ፖሊሱ ገና ሲያያቸው ሳቀ። “ሁለት ጥፋተኛ የነበረበት አደጋ በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ እንዴት ይረሳኛል?” አለ። ነገሩን ሲሰማ ግን ሳቁን ሰብሰብ አድርጎ እንዲህ አላቸው።

“እዚያ መስቀለኛ መንገድ ላይ መስመርና ምልክት እንዲሠራ ስንት ጊዜ ጠየቅን መሰላችሁ። ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ይመለከትና እዚህማ አደጋ ደርሶ አያውቅም ይለናል። እንዴት ይድረስ? ገጪውም ተገጪውም ተቃቅፎ ነው የሚሄደው። እኔም ያን ዕለት ሳልጽፍ መሄዴ ልክ አልነበረም። ዛሬ የምጽፈው ግን የሆነውን ብቻ ነው። አባት፣ ከርስዎ እንጀምር። ማን ገጨ?”

ጥያቄው አጭር ነው። መልሱም አጭር ነው። ጋሽ ሞረድ ግን ላብ በላብ ሆኑ። ሹፌሩ ከጎናቸው ቆሟል፤ የዱቄቱ ሽታ ይደርሳቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን በሰው ላይ ጣታቸውን ቀስረው አያውቁም። አፋቸውን ሲከፍቱ ምላሳቸው ላይ የተዘጋጀው ያው የለመዱት ነበር፤ “የኔ” እስከማለት ደርሰው አቆሙ።  ከዚያም ዞር ብለው ሹፌሩን ዓይን ዓይኑን እያዩ ተናገሩ።

“እሱ ነው። ምልክት ሳያሳይ ታጠፈና ገጨኝ። እኔ መስመሬን ይዤ ነበር። ጥፋቱ የሱ ነው።”

ሰማይ አልተደረመሰም። ሹፌሩ አንገቱን ደፍቶ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ፤ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። “እውነታቸውን ነው” አለ። “እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። ያን ዕለት ይቅርታ ብዬዎት ሳይቀበሉኝ ነበር የሄዱት፤ ዛሬ ተቀበሉኝ።”

ይህን ሲሰሙ ጋሽ ሞረድ አላስቻላቸውም፤ እዚያው ፖሊሱ ፊት አቀፉት። ፖሊሱም መጀመሪያ ይፈርሙልኝ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ተቃቀፉ አላቸው። ሹፌሩ የቅጣት ወረቀቱን ተቀበለ፤ እመቤቲቱም በሩ ላይ የመኪናውን ቁልፍ ከሽርጧ ኪስ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

የቀረው ትዕግሥት ብቻ ነበር። የኢንሹራንሱ ገማች ጋሽ ሞረድ ክፍል ድረስ መጥቶ፣ መዶሻ ያልነካውን ቸርኬና የተገነጠለውን ብረት ፎቶ አነሳ። የብስክሌቷ መጠገኛ ተፈቀደ፤ ሥራ ፈትተው የዋሉበትም ልጅቷ በጠየቀችው መሠረት ታሰበላቸው። የመኪናው መብራት በዚያው ኢንሹራንስ ተተካ፤ የሹፌሩ ደሞዝ መቆረጡ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሲታጠፍ ምልክት ማሳየት አይረሳም፤ አጠገቡ ማንም ባይኖር እንኳ ያሳያል ይላሉ። በመስቀለኛው መንገድ ጉዳይም ፖሊሱ ለማዘጋጃ ቤቱ የሚያሳየው የመጀመሪያ ጽሑፍ በእጁ ገባ። ተመልከቱ እንግዲህ፣ አንዲት እውነተኛ ቃል በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ጋ እንደደረሰች። ካሳ መጠየቅ ጠብ የሚመስለን፣ ለብቻችን ቁጭ ብለን ስናስበው ነው። ሰዎቹ ተገናኝተው የሆነውን ሲነጋገሩ ግን የተሰበረውን መጠገኛ መንገድ ሆኖ ይገኛል።

ብስክሌቷ አዲስ ቸርኬ ባደረገችበት ማለዳ ሥጋ ቤቶቹ ተራ በአንድ ጊዜ ነው የተሰለፈው። የኤሌክትሪኩ ሞራጅ ፈጣን ነው፣ ግን ወሬ የለውም አሉ። የመጋዘኑ ኃላፊም መልሱን ፈልጎ መጣ። ጋሽ ሞረድ ፔዳሉን ሳያቆሙ፣ ድንጋዩ ላይ ብልጭታው እየተረጨ፣ ስላሰበልኝ አመሰግናለሁ፣ ነገር ግን እንደምታየው ቦታዬ ላይ ተቀምጫለሁ አሉት። ሰውየውም አልተቀየመም፤ የቤቱን መቀስ አምጥቶ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ።

ልጅቷ ወደ ትምህርቷ ስትሄድ መንገዷን አቋርጣ ሰላም ልትላቸው መጣች። መዶሻቸውንም መለሰችላቸው። ከሁሉም የከበደዎት የቱ ነበር ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሽ ሞረድ እግራቸውን አቆሙ፤ ድንጋዩም ቀስ ብሎ ቆመ።

“እሱ ነው ማለት” አሏት። “ከዚያ በፊት እኮ ልጁን አላየሁትም ነበር። ስንቃቀፍም፣ ስንሳሳምም የማየው የራሴን ደግነት ነበር። ጥፋቱ የሱ ነው ብዬ ዓይን ዓይኑን ሳየው ነው፣ ለካ ጆንያው አድክሞት ኖሯል ያልኩት።”

ሥጋ ሻጩ ቢላውን ዘረጋላቸው። ጋሽ ሞረድም ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው ፔዳሉን መቱ።